የግቢ መንፈስና የሴት ተማሪዎች ትምህርት፤ ከደቡብ ጎንደር ደጋ የትምህርት ታሪክ አንጻር

መግቢያ

ስለ ሴቶች ትምህርት በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ሴቶች ገቡ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ያልገባች ልጅ ልትማር አትችልምና። ይሁን እንጂ መግባትና መማር አንድ አይደሉም። አንዲት ወጣት ስሟ በመዝገብ ሠፍሮ፣ መታወቂያ ተሰጥቷትና በመማሪያ ክፍል ተቀምጣ ሳለ ከትምህርቱ ግማሹ ሊያመልጣት ይችላል። መምህሩ ጥያቄ የማያቀርብላት፣ ስትናገር የሚሣቅባት፣ ከመሸ ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመሄድ የምትፈራ፣ በደል ሲደርስባት ለማን እንደምትነግር የማታውቅ ከሆነች፣ ከጎኗ የተቀመጠው ወንድ ተማሪ የሚያገኘውን ትምህርት አግኝታለች ለማለት አይቻልም።

በዚህ ጽሑፍ «የግቢ መንፈስ» የተባለው ይኸው በደንብ መጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን ተማሪው በየቀኑ የሚኖርበት ሁኔታ ነው። ማን የት ያድራል? ምን ይበላል? በስንት ሰዓት ይንቀሳቀሳል? በክፍል ውስጥ የሚጠየቀውና የሚደመጠው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆኑ የአስተዳደር ጉዳዮች መስለው ይታያሉ። ነገር ግን የትምህርቱን ውጤት ከመማሪያ መጻሕፍቱ ባላነሰ ይወስናሉ።

ጉዳዩን በታሪክ ዓይን ለመመልከት የደቡብ ጎንደር ደጋ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ከጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማዕከሎች አንዳንዶቹ በዚህ ምድር ይገኛሉ፤ በአሁኑ ጊዜም በደብረ ታቦር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና በ2004 ዓ. ም. ማስተማር የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አለ። አሮጌውም አዲሱም በአንድ አገር ጎን ለጎን ይታያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ እንዲህ በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል፦ ጥንታዊውም ሆነ ዘመናዊው ትምህርት ቤት «ተማሪ» ሲል በአመዛኙ ወንድ ልጅን እያሰበ የተደራጀ ነው፤ ሴቶች በርከት ብለው ወይም ጠልቀው የተማሩት ያ አደረጃጀት በሌላ በተተካበት ስፍራ ነው። ስለሆነም በሩን መክፈት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም።

1. የቆሎ ተማሪው ሥርዓትና ያልተጻፈው ክልከላ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው አገር ለሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። በደብረ ታቦር የአቋቋም ትምህርት የታወቀ ነው። ከሸዋም ከጎጃምም ከወሎም የተነሡ የዜማ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ለማስመስከር ወደነዚህ ደብሮች ሲጎርፉ ኖረዋል።

የእነዚህ ተማሪዎች አኗኗር ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። በመምህሩ ግቢ አጠገብ ከሣርና ከጭራሮ በሠራት ጎጆ ያድራል። ዜማውን በሌሊት ይቀጽላል፤ የቅኔ ተማሪ ከሆነም ቅኔ ለመቁጠር ብቻውን ወደ ዱር ይወጣል። አንዱን መምህር ከጨረሰ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህ ሥርዓት ድኻውን ገበሬ ልጁን ያለ ወጪ እንዲያስተምር አስችሎታል፤ በዚህ በኩል ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን ከላይ የተዘረዘሩት ነገሮች በሙሉ ለወንድ ልጅ ብቻ የተፈቀዱ ነበሩ። ሴት ልጅ ብቻዋን አገር አቋርጣ ልትሄድ፣ በማታ በየደጁ ልትቆም፣ በጎጆ ልታድር፣ ለቅኔ ወደ ዱር ልትወጣ አትችልም ነበር። ብትሞክረው ጠለፋና መደፈር ይጠብቋታል፤ እነዚያ ባይደርሱባት እንኳ ሐሜት አይቀርላትም። ስለዚህ አንዲት ልጅ ፊደል እንዳትቆጥር የሚከለክል አንቀጽ መጻፍ አላስፈለገም፤ የትምህርት ቤቱ አኗኗር ራሱ ክልከላ ነበር። ያልተጻፈ ክልከላ ከተጻፈው ይልቅ ጽኑ የሚሆነው በዚህ ነው፤ የተጻፈው በዐዋጅ ሊሻር ይችላል፣ ያልተጻፈው ግን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ስለሚቆጠር መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። ለተማሪው ቁራሽ የምትሰጠው በአመዛኙ ሴት ናት። የጋይንትና የፋርጣ እናቶች እንጀራውን ጋግረው፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቆርሰው፣ ደጃቸው ለቆመው የሰው አገር ልጅ ሲሰጡ ኖረዋል። የድጓው ትምህርት ቤት ለዘመናት የቆመው በእነርሱ እንጀራ ነው። ከትምህርቱ የደረሳቸው ግን ከቅጽሩ ውጭ ሆነው የሚሰሙት ዜማ ነበረ።

2. የተማሩት ሴቶች የት ተማሩ?

ከዚህ ሁሉ ጋር የተማሩ ሴቶች መኖራቸው አልቀረም። እንደ ተአምር ቆጥሮ ማለፍ የተለመደ ነው። ይልቁንስ ሊመረመር የሚገባው፣ በምን ዓይነት ስፍራ ሆነው ሊማሩ እንደ ቻሉ ነው። ሦስት ምሳሌዎች እንመልከት።

የመጀመሪያዋ ወለተ ጴጥሮስ ናት። እ. ኤ. አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወልዳ፣ የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን መልክአ ክርስቶስን አገባች፤ ኋላም ትዳሯን ትታ መነኮሰች። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በተቀበለ ጊዜ በግልጽ ተቃወመች፤ ከዚህም የተነሣ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ቆላ ተጋዘች። በግዞት ሳለች ሰዎች ተሰበሰቡላት፤ በ1635 ዓ. ም. እስካረፈች ድረስም 7 ማኅበራትን አቋቁማ መራች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈው ገድሏ መጻሕፍትን ታነብ እንደ ነበረ ይመሰክራል፤ የተዘጋጀውም ደቀ መዛሙርቷ በተናገሩት ቃል ነው። በስሟ የሚጠራው ገዳም በደራ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ቆራጣ ላይ ይገኛል። ለጉዳያችን ዋናው ቁም ነገር ማኅበሯ ለሴቶች ያስገኘላቸው ነገር ነው፦ የጋራ ማደሪያ፣ የጋራ ማዕድ፣ የታወቀ ደንብ፣ እንዲሁም ከበላይ የምትጠብቃቸው ሴት። የቆሎ ተማሪው ሥርዓት ለሴት የነፈጋትን ይህ ማኅበር ሰጣት።

ሁለተኛዋ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። በ1843 ዓ. ም. ግድም ከስሜን፣ ከየጁና ከበጌምድር ገዢዎች ጋር ከሚዛመድ ቤተሰብ የተወለዱት እቴጌ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ግዕዝ የተማሩ፣ ቅኔ የሚያውቁ፣ በገና የሚደረድሩ ነበሩ። ይህን ሁሉ ያገኙት አኩፋዳ አንግተው በመንከራተት አይደለም፤ የመኳንንት ቤት መምህሩን ወደ ልጅቱ ማምጣት ስለሚችል ነው። የገበሬ ልጅ ግን ይህ ዕድል አልነበራትም።

ሦስተኛዋ ጎረቤት ከሆነው ከጎጃም ናቸው። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው ዓይናቸው ቢጠፋም በጽላሎ የቅኔ መምህር ለመሆን በቁ፤ ወንዶች ተማሪዎች ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ተማሩ። እሳቸውስ የት ተማሩ? የቅኔ መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ቤት። ቤታቸው ራሱ ቅኔ ቤት ስለ ነበረ መንገዱም ልመናውም ጎጆውም አላገዳቸውም።

ሦስቱን ስናነጻጽር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። አንዷ በማኅበር፣ አንዷ በመኳንንት ቤት፣ አንዷ በአባት ቤት ተማሩ። የዕውቀት ፍላጎትና ችሎታ በሌሎች ሴቶች ዘንድ ጠፍቶ አይደለም፤ ችሎታውን የሚያስጠልል ስፍራ ያገኙት ጥቂቶች ስለ ሆኑ ነው። ስለሆነም የአገራችን ታሪክ «ሴቶች አልተማሩም» የሚል ብቻ ሳይሆን «መጠለያ ያገኙት ተማሩ» የሚልም ነው።

3. ዘመናዊው ትምህርት ቤት የወረሰው ልማድ

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ይህን ነገር ተረድቶ የተቋቋመ ይመስላል። ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ አዳሪ ትምህርት ቤት በመሆኑ መኝታውን፣ ምግቡንና ጥበቃውን ከትምህርቱ ጋር አንድ ላይ አቀረበ። ከጠላት ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቱን በዳይሬክተርነት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እ. ኤ. አ. በ1957 በምርጫ ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ነገር ግን ይህ ትምህርት ቤት በዋና ከተማው የነበረ ነው፤ ለደብረ ታቦር አውራጃ ገበሬ ልጅ ከዙር አምባም ይልቅ ሩቅ ነበር።

በጠቅላይ ግዛቶቹ የተስፋፋው ዘመናዊ ትምህርት ግን ሳያስበው የቆሎ ተማሪውን ሥርዓት ደገመ ለማለት ይቻላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአውራጃው ከተማ ይከፈታል፤ የገጠር ልጅ ወደዚያ ይመጣል፤ አዳሪ ቤት የለም። ከስማዳ ወይም ከእብናት የመጣው ወንድ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ አገሩ በእግር ተመልሶ ስንቁን ተሸክሞ በመምጣት ይማራል። አኩፋዳው በስንቅ ከረጢት፣ ጎጆው በኪራይ ቤት ተተካ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፦ ተማሪ ማለት የትም አድሮ፣ ያገኘውን በልቶ፣ በማንኛውም ሰዓት ተንቀሳቅሶ የሚማር ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጁን በዚህ ሁኔታ ወደ ከተማ ለመላክ ያመነታ አባት ትምህርትን የሚጠላ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ተወቅሷል። አብዛኛው አባት ግን የጠላው ትምህርቱን ሳይሆን መንገዱንና የኪራይ ቤቱን ነበር።

ከዚህም ጋር ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በአማራ ደጋ ያለው ልማድ ደግሞ ከዚያም ይቀድም ነበር። በ1997 ዓ. ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የክልሉ ሴቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የክልሉም በ1995 የጋብቻን ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረጉት። ይሁን እንጂ ጋብቻና ትምህርት ቤት በወላጅ ዓይን የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለልጅቱ የማያስተማምን ስፍራ ሆኖ በታየ ቁጥር ጋብቻው የደኅንነት መንገድ መስሎ ይታያል።

በከፍተኛ ትምህርት ደረጃም ሁኔታው የተለየ አልነበረም። በ1943 ዓ. ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ሴቶችን አልከለከለም፤ ቢሆንም በግቢው ጥቂቶች ነበሩ። በመጋቢት 1960 በስድስት ኪሎ የሆነው ነገር የዚያን ግቢ መንፈስ ያሳያል። በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ በርካታ ወንዶች ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ፤ ለትርኢቱ የመጡትን ሴቶች አዋከቡ፤ ሁከቱ ወደ ፖሊስ ጣልቃ ገብነትና ወደ ዩኒቨርሲቲው መዘጋት አደረሰ። ተቃዋሚዎቹ ምክንያታቸው የባዕድ ባህልን ወረራ መቃወም እንደ ሆነ ተናገሩ። ሐሳቡ ለክርክር ሊቀርብ የሚችል ነበር፤ ውርደቱ ግን የወደቀው ትርኢቱን በፈቀደው አስተዳደር ላይ ሳይሆን በሴቶቹ ላይ ነው። የተማሪዎቹ ንቅናቄ ከጊዜ በኋላ የሴቶችን ጥያቄ ከፖለቲካ አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን ጥያቄውን በጽሑፍ ማንሣትና በግቢ ውስጥ ከሴት ተማሪ ጋር በእኩልነት መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እ. ኤ. አ. በ1897 ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ድምፅ በተሰጠበት ቀን ወንዶች ተማሪዎች በብስክሌት የተቀመጠች የሴት ምስል ሠርተው በአደባባይ ሰቀሉ፤ ሐሳቡም ወደቀ። ሴቶች በዚያ ዩኒቨርሲቲ ከ1869 ጀምሮ በተቋቋሙ ኮሌጆች እየተማሩ ሙሉ ዲግሪ የተሰጣቸው በ1948 ነው። በመካከሉ ያለው 80 ዓመት ገደማ፣ መግባትና እንደ ተማሪ መቆጠር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ያሳያል።

4. በሕግ የተከፈተው በርና ከበሩ በስተኋላ ያለው

በ1986 ዓ. ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 35፣ ሴቶች ለደረሰባቸው የታሪክ በደል ማካካሻ የሚሆን ድጋፍ እንዲደረግላቸው መሠረት ጣሉ። ከዚህም የተነሣ ሴቶች በዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብ ወደ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እንዲገቡ ተደረገ። ይህ እርምጃ ባይወሰድ ኖሮ ከደጋው ገጠር የወጡ እጅግ ብዙ ሴቶች ዛሬ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ባለሙያዎች ባልሆኑ ነበር። ጠቀሜታው ሊካድ አይገባም።

ችግሩ ያለው ድጋፉ በመግቢያው በር ላይ ስለሚያበቃ ነው። ልጅቱ ከገባች በኋላ ነጥቧ እንደ ስሟ ይከተላታል። «በድጋፍ የገባች» የሚለው ቃል ከተማሪ ወደ ተማሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመምህር አፍ ይሰማል። የዚህ ዓይነቱ ቃል ጉዳት ስሜትን በማቁሰል ብቻ አይወሰንም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ክላውድ ስቲልና ባልደረቦቹ እ. ኤ. አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በሒሳብ ጎበዝ የሆኑ ወንዶችና ሴቶች ከባድ ፈተና ተሰጣቸው። ፈተናው በሁለቱ ጾታዎች መካከል ልዩነት እንደሚያሳይ ሲነገራቸው ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ዝቅ አሉ፤ ልዩነት አያሳይም ሲባሉ ግን እኩል ሠሩ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የውጤቱን መጠን ቢከራከሩበትም፣ ተማሪው ስለ ራሱ የሚነገረውን ነገር ይዞ ወደ ፈተና እንደሚገባ ማንኛውም መምህር የሚያውቀው ነው።

የመማሪያ ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው። ሮበርታ ሆልና በርኒስ ሳንድለር እ. ኤ. አ. በ1982 ባቀረቡት ዘገባ የአሜሪካ ኮሌጆች ክፍሎች ለሴቶች የቀዘቀዙ ስፍራዎች መሆናቸውን አመለከቱ። መምህራን ወንዶችን በብዛት ይጠይቃሉ፣ በስማቸው ይጠራሉ፣ መልሳቸውን በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ ሴቷ ስትናገር ግን ቃሏን ያቋርጣሉ። እያንዳንዱ ድርጊት ሲታይ ጥቃቅን ነው፤ ሲደራረብ ግን ከባድ ሸክም ይሆናል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነውን? በኮሌጆቻችን የቡድን ሥራ በተሰጠ ጊዜ ሰብሳቢው ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት መሆኗ የተለመደ ነው። ሥራውን በክፍሉ ፊት የሚያቀርበውም ወንዱ ነው። እርሷ በቁም ጽሕፈት አሣምራ ትገለብጣለች። «ልጨኛ» «ዓይነ አፋር» የሚባለው ጠባይም ሲመረመር ብዙውን ጊዜ የተፈጥሮ ሳይሆን የተማረ ነው፤ ሴት ልጅ በሰው ፊት ድምፅዋን ዝቅ እንድታደርግ ከቤቷ ጀምሮ ተነግሯታል። ኮሌጁ ይህን ልማድ ካልፈታ ያጸናዋል፤ በመካከል መቆም የሚባል የለም።

የተስፋ ማስረጃም አለ። በአሜሪካ የአየር ኃይል አካዳሚ ተማሪዎች ለመምህራን የሚደለደሉት በምርጫቸው ሳይሆን በዕጣ መሰል አሠራር ነው። እ. ኤ. አ. በ2010 በታተመ ጥናት ሴቶች ተማሪዎች በሴት መምህራን ሲማሩ በሒሳብና በሳይንስ ያላቸው ውጤት መሻሻሉ፣ በሒሳብ ጠንካራ በሆኑት ዘንድም ከወንዶቹ ጋር የነበረው ልዩነት መጥፋቱ ታየ። ትምህርቱ ያው፣ ፈተናውም ያው ነበር፤ የተለወጠው በክፍሉ ፊት የቆመው ሰው ነው። የጽላሎን ቅኔ ቤት ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊያስደንቀው አይገባም።

5. ግቢ በአጥር አያበቃም

በአገራችን ሁኔታ የግቢ መንፈስ ሲባል በአጥር የተከለለውን ቦታ ብቻ ማሰብ ስሕተት ነው። በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ብዙ ሠልጣኞች በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በደብረ ታቦር ብርዱ የከበደ ነው። መብራት በሌለበት መንገድ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ኪራይ ቤት የሚወስደው ግማሽ ሰዓት፣ ለሴቷ ሠልጣኝ ከትምህርቱ ጋር የሚቆጠር ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ ላለመክፈል በጊዜ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ ወንዱ ግን እስኪዘጋ ድረስ ያነባል። በወሩ መጨረሻ በሁለቱ መካከል ያለው የጥናት ሰዓት ልዩነት ስንት ይሆናል? በውጤት ዝርዝሩ ላይ ይህ ልዩነት የችሎታ ልዩነት መስሎ ይጻፋል።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ ይህን ሥጋት አክብደውታል። በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲጓዙ የታገቱት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በአማራ ክልል ባሉ ወላጆች ልብ ውስጥ የተዉት ጠባሳ አልሻረም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ ደቡብ ጎንደር በደረሰ ጊዜ በንፋስ መውጫ ከተማ ሴቶች መደፈራቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከትምህርት የምትቀር ልጅ ብዙ ጊዜ የምትሄደው ወደ ትዳር ነው፤ ከትዳር ወደ ክፍል የምትመለሰው ጥቂት ናት። ይህን ሁሉ አንድ ኮሌጅ ሊያስወግደው እንደማይችል ግልጽ ነው። ነገር ግን ሥጋት ተሸክማ የመጣችን ሠልጣኝ የሚቀበለው ግቢ ሥጋቷን ሊያቀልላት ወይም ሊጨምርባት ይችላል፤ ያ በእጁ ነው።

6. የመምህራን ኮሌጆች የተለየ ኃላፊነት

ከላይ የተባለው ለማንኛውም ከፍተኛ ትምህርት ቤት ይሠራል። ለመምህራን ኮሌጅ ግን በተለይ ይሠራል። አንዲት ሠልጣኝ በኮሌጁ ሦስት ዓመት ያየችውን የክፍል ልማድ ይዛ ወደ እስቴ ወይም ወደ ታች ጋይንት ትሄዳለች። በኮሌጁ ውስጥ ዝም እንድትል ከተማረች ተማሪዎቿን ዝምታ ታስተምራለች። ወንዱም ሠልጣኝ እንዲሁ ነው፤ የክፍል ጓደኛው ስትናገር መሣቅን የለመደ ሰው በገጠሩ ትምህርት ቤት የስምንት ዓመት ልጅ እጇን ስታወጣ አያያትም። የአንድ ኮሌጅ ግቢ መንፈስ በየዓመቱ ወደ ብዙ ቀበሌዎች ይበተናል፤ ክፋቱም በጎነቱም።

ስለዚህ ታሪኩ ከሚያስተምረን በመነሣት ለኮሌጆቻችን የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፤ የማስተማር ልምምድ ከሚካሄድባቸው መልመጃዎች አንዱ የጥያቄ ቆጠራ ይሁን። ሠልጣኙ በክፍሉ በስተኋላ ተቀምጦ በአንድ ወረቀት ላይ መምህሩ ስንት ጊዜ ወንድ፣ ስንት ጊዜ ሴት እንደ ጠየቀ፣ ከመልሱ በፊት ስንት ሰኮንድ እንደ ጠበቀ፣ ማንን በስሙ እንደ ጠራ ያመልክት። ኋላም ሠልጣኙ ራሱ ሲያስተምር ጓደኛው ይቁጠርበት። የኮሌጁም መምህራን በዚሁ መልመጃ ቢካተቱ መልካም ነው። ወጪው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ የድጋፍ ትምህርት ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ይጀመር እንጂ ውድቀት ከታየ በኋላ አይሁን። በዝቅተኛ ነጥብ ለገቡ ሴቶች ብቻ ተለይቶ የሚሰጥ ከሆነ ስም መለጠፍን ያጠናክራል፤ በሚከብደው የትምህርት ዓይነት ለፈለገ ሁሉ ክፍት ቢሆንና የሴቶች ተሳትፎ በተለየ ክትትል ቢታይ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ኮሌጁ በሩቅ ገጠር ለመጡ ሴቶች ማደሪያ ሊያቀርብ ካልቻለ፣ የከተማውን ታማኝ አከራዮች መዝግቦ ከሠልጣኞች ጋር ያገናኝ፤ የመንገድ መብራትና የቤተ መጻሕፍት ሰዓት ከከተማው አስተዳደር ጋር በአንድነት ይታቀድ። የጥንቷ ማኅበር ለሴቶች ማደሪያና ማዕድ ሳታዘጋጅ ጸሎትና ንባብ እንዳልጠየቀቻቸው ልብ ማለት ያሻል።

አራተኛ፤ ጾታዊ ትንኮሳ የደረሰባት ሠልጣኝ የምትሄድበት አንድ የታወቀ ቦታ ይኑር፤ ተጠሪዋም ውጤት ከሚሰጡት መምህራን ነጻ የሆነች ትሁን። አቤቱታ ማቅረብ ውጤትን የሚያሳጣ መስሎ እስከታየ ድረስ የተጻፈ መመሪያ ፋይዳ አይኖረውም።

አምስተኛ፤ የመዝገብ ቤት አሠራር ይሻሻል። ስንት ገቡ፣ ስንት ተመረቁ ከሚለው ጋር ያቋረጡት በምን ምክንያት እንዳቋረጡ፣ በየትኛው ወር እንዳቋረጡ ይጻፍ። «በግል ጉዳይ» ተብሎ የሚሞላው ባዶ ቦታ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ጋብቻ፣ ኪራይ መክፈል አለመቻል፣ ፍርሃት፣ በደል ሁሉም በዚያች ሐረግ ተጠቅልለው ይቀራሉ። ያልተመዘገበ ነገር ሊታረም አይችልም።

ማጠቃለያ

የደቡብ ጎንደር ደጋ የትምህርት ታሪክ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ያስረዳናል። አንደኛው፣ አንድ ትምህርት ቤት በሩን ክፍት አድርጎ ሳለ በአኗኗሩ ብቻ ግማሹን ሕዝብ በውጭ ሊያስቀር እንደሚችል ነው፤ የቆሎ ተማሪው ሥርዓት ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ዘመናዊው ትምህርትም በብዙ በኩል ወርሶታል። ሁለተኛው፣ ያ አኗኗር በተለወጠበት ስፍራ ሁሉ፣ በቆራጣም ይሁን በጽላሎ፣ ሴቶች ለመማር ብቻ ሳይሆን ለማስተማርም እንደ በቁ ነው።

ባለፉት 30 ዓመታት አገራችን በመግቢያው በር ላይ ብዙ ደክማለች፤ ድካሙም ፍሬ አፍርቷል። ቀጣዩ ሥራ ከበሩ በስተኋላ ያለው ነው። ዐዋጅ ሊፈጽመው አይችልም፤ የሚፈጸመው በክፍል ጥያቄ፣ በመንገድ መብራት፣ በኪራይ ቤት፣ በአቤቱታ ሰሚና በመዝገብ አጻጻፍ ነው። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች በኮሌጅ አስተዳዳሪዎች፣ በመምህራንና በሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች ዕለታዊ ሥልጣን ውስጥ ያሉ በመሆናቸው፣ እስከ ነገ የሚዘገዩበት በቂ ምክንያት አይገኝም።